የዛሬ ትምህርት፦ የትኛውን የአየር ትንበያ እንመን?

አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና ሳይሸፈን ዝናብ ካገኘው ደረጃው ይወርዳል፤ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ ትንበያ የምታዩበትን ምንጭ በሦስት ጥያቄ አጣሩት።

1. ለየትኛው ቦታ ነው?
አብዛኞቹ የስልክ አፖች የሚያሳዩት የዓለም አቀፍ ሞዴሎችን ውጤት ነው። ሞዴሉ መሬቱን በካሬ ከፋፍሎ ለአንዱ ካሬ አንድ አማካይ ከፍታ ይይዛል። የካሬው ጎን በአንዳንዱ 9 ኪ.ሜ፣ በሌላው 25 ኪ.ሜ ገደማ ነው። እንደ ጌዴኦ ባለ ተራራማ አገር በዚህ ርቀት ውስጥ ወይና ደጋውም ደጋውም ይገኛል።

2. ለስንት ቀን ነው?
ከ1 እስከ 3 ቀን ያለውን ለሸራ፣ ለሠራተኛና ለመኪና ተጠቀሙበት። ከ10 ቀን በኋላ በሰዓት ለይቶ “ይዘንባል” የሚላችሁን ግን ይዛችሁ ኮንትራት አትፈርሙ። አጠቃላይ አዝማሚያውን ከኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የ10 ቀንና የወቅት መግለጫ ውሰዱ።

3. እናንተ ጋ ይሠራል ወይ?
ሁለት ምንጭ ምረጡ። ለ2 ሳምንት ማታ ማታ የነገውን ትንበያ ጻፉ፤ በማግስቱ የሆነውን ከጎኑ አስፍሩ። “አይዘንብም” ብሎ የዘነበበትን ለብቻ ቁጠሩ፤ ቡናውን የሚያበላሸው እሱ ነው። “ይዘንባል” ብሎ የቀረውም ነፃ አይደለም፤ በከንቱ የተሸፈነ ቡና መድረቁ ይዘገያል።

ያነሰ ያሳሳታችሁን ያዙ። ደመናው ከጠቆረ ግን አፑን አትጠብቁ፣ ሸፍኑ!