ሃርድ ዲስኩ ጠቅ ጠቅ ሲል

አንድ የሠርግ ቪዲዮ ኤዲተር ጠዋት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኩን ሰክቶ አልከፍት ቢለው የሚያደርገው ይታወቃል። ነቅሎ ይሰካል፣ ገመድ ይቀይራል፣ ወደ ጓደኛው ላፕቶፕ ይወስደዋል። አልሆን ሲለው የሪከቨሪ ፕሮግራም አውርዶ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስሮጥበት ያድራል። ድንጋጤ ነውና አይወቀስም። ነገር ግን የሙሽሮቹ ቀረጻ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው በዚያ ሌሊት ነው፤ ጠዋት ላይ መረጃው ገና ዲስኩ ውስጥ ነበር።

ምክንያቱ የሚገባን የዲስኩን ውስጥ ስናውቅ ነው። ከአሉሚኒየም ወይም ከመስታወት የተሠሩ ክብ ሳህኖች በደቂቃ 5400 ወይም 7200 ጊዜ ይሽከረከራሉ። መረጃው ያለው በሳህኖቹ ላይ በተቀባው እጅግ ስስ ማግኔታዊ ሽፋን ነው። የሚያነበውና የሚጽፈው ክፍል ሄድ ይባላል። ሳህኑን አይነካም፤ ሳህኑ ሲሽከረከር በሚፈጠረው አየር ላይ በጥቂት ናኖሜትር ከፍታ ይንሳፈፋል። የሰው ፀጉር ውፍረት ከዚያ ክፍተት በብዙ ሺህ እጥፍ ይበልጣል። ዲስኩ እየሠራ ከጠረጴዛ ከወደቀ ታዲያ ሄዱ ሳህኑን ሊመታውና ሽፋኑን ሊፍቀው ይችላል። የተፋቀው ብናኝ እዚያው እየዞረ ሌላውንም ቦታ ይጭራል። እንዲህ ዓይነቱ ዲስክ ኤሌክትሪክ ባገኘ ቁጥር ጉዳቱ ይሰፋል።

ስለዚህ ከምንም በፊት ጆሮ መስጠት ነው። ዲስኩ እየደጋገመ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ካለ፣ ሄዱ በሳህኑ ላይ የተጻፉትን የአቅጣጫ ምልክቶች እየፈለገ አጥቷቸዋል ማለት ነው። ወደ ማረፊያው ተመልሶ እንደገና ይሞክራል፤ ድምፁ የዚያ ምልልስ ነው። ጭርር የሚል የመፋቅ ድምፅ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው። መሽከርከር አቅቶት ዝም ብሎ የሚያቃስት ከሆነ ሞተሩ ወይም ሄዱ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። በእነዚህ ሁኔታዎች ሁሉ መልሱ አንድ ነው፤ ንቀሉት፣ ደግማችሁ አትሰኩት። እንዲህ ዓይነቱን ብልሽት የሚያድን ፕሮግራም የለም። ፍሪዘር ውስጥ አስገቡት የሚለውን የቆየ ምክርም አትስሙ፤ ሲወጣ እርጥበት ይቋጥራል። ክዳኑን መክፈትም ከአቧራ የጸዳ ክፍል ላለው ባለሙያ የሚተው ሥራ ነው። ከተመሳሳይ ዲስክ ሰርኪዩት ቦርድ አውጥቶ መግጠም በድሮዎቹ ላይ ይሠራ ነበር። በአሁኖቹ ግን በቦርዱ ላይ የዚያ ዲስክ ብቻ የሆነ ማስተካከያ የያዘች ትንሽ ቺፕ ስላለች፣ እሷ አብራ ካልተዛወረች አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም።

ድምፁ ጤነኛ ሆኖ ፋይሎቹ ብቻ ከጠፉ ግን ተስፋው ሰፊ ነው። ፋይል ስናጠፋ ኮምፒውተሩ የሚሰርዘው የፋይሉን ይዘት አይደለም። ከመጽሐፍ ላይ ማውጫውን እንደመቅደድ ነው፤ ምዕራፎቹ እዚያው ናቸው። ሌላ ነገር እስካልተጻፈባቸው ድረስ ይገኛሉ። መብራት ድንገት ሲጠፋ የሚደርሰውም ብዙ ጊዜ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፤ እየተጻፈ ያለው ማውጫ ግማሽ ላይ ይቀራል። ከዚያ ዊንዶውስ ዲስኩ ፎርማት ይደረግ ወይ ብሎ ይጠይቃል። እምቢ በሉት። ቼክዲስክንም በዚህ ሰዓት አታስነሱት፤ ሥራው ማውጫውን እርስ በርሱ እንዲስማማ ማድረግ ነው፣ ለዚያም ሲል የእናንተን ፋይል ቆራርጦ ሊጥል ይችላል።

ትክክለኛው መንገድ የዲስኩን ሙሉ ግልባጭ በሌላ፣ እኩል ወይም የበለጠ መጠን ባለው ዲስክ ላይ ማውጣት ነው። ለዚህ በነፃ ከሚገኙት መካከል ጂኤንዩ ዲዲሬስኪው የሚባለው በጣም አስተማማኝ ነው። የሚሠራበት መንገድ ብልህነት አለው። መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ ቶሎ ይገለብጣል፤ እምቢ ያለውን ቦታ ሳይታገል መዝግቦ ያልፈዋል። ብዙው ከተረፈ በኋላ ነው ወደ አስቸጋሪዎቹ የሚመለሰው። መዝገቡ ስለሚቀመጥ ሥራው ቢቋረጥም ካቆመበት ይቀጥላል። ከዚያ ቴስትዲስክና ፎቶሬክ የተባሉትን ነፃ ፕሮግራሞች በግልባጩ ላይ ታስሮጣላችሁ። የተገኙትን ፋይሎች ፋይሉ በጠፋበት ዲስክ ላይ አታስቀምጡ፤ ፕሮግራሙንም እዚያ ላይ አትጫኑ።

ኤስኤስዲ ሌላ ጉዳይ ነው። የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው በድምፅ አያስጠነቅቅም። ፋይል ሲጠፋም ኮምፒውተሩ ትሪም በተባለ ትእዛዝ ቦታው እንደማያስፈልግ ይነግረዋል፣ እሱም በራሱ ጊዜ ያጸዳዋል። ከዚያ በኋላ ማንም ባለሙያ ምንም አያገኝም ማለት ይቻላል። ባለችው ጠባብ ጊዜ ማድረግ የሚቻለው ኮምፒውተሩን ወዲያው ማጥፋት ነው።

ሃርድ ዲስክ ከመሞቱ በፊት ምልክት የሚሰጥበት ጊዜም አለ። ክሪስታልዲስክኢንፎን የመሰለ ፕሮግራም ዲስኩ ስለራሱ የመዘገበውን ያሳያል፤ ተበላሽተው የተተኩና ሊነበቡ ያልቻሉ ቦታዎች ቁጥር ማደግ ከጀመረ ዲስኩን ቀይሩት። ያለ ምንም ምልክት በአንድ ቀን የሚቆም ዲስክም ስላለ ግን በዚህ ብቻ መተማመን አይቻልም።

አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ፒተር ክሮግ ያስፋፋው የ3-2-1 ደንብ አለ፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ወይም ከቢሮ ውጭ። ሦስቱን ማሟላት ለሚከብደው ሁለት ቅጂም ከአንድ በጣም የተሻለ ነው። ሁለተኛው ቅጂ በዚያው ዲስክ ሌላ ፎልደር ውስጥ ያለ ከሆነ ግን አይቆጠርም። የልጆቻችሁ ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፋችሁ ወይም የደንበኛ ሥራ ያለው በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ ከሆነ ዛሬውኑ በሌላ ላይ ገልብጡት፤ ከተገለበጡትም ጥቂቱን ከፍታችሁ መሥራታቸውን አረጋግጡ።