ከከርነሉ በፊት ጂዲቢ

ኦፕሬቲንግ ሲስተም መሥራት ለመማር የተነሣ ፕሮግራመር የሚቸኩለው ኮድ ለመጻፍ ነው። ቀን ሥራ ውሎ ማታ ላፕቶፑን ለሚከፍት ሰው ጥድፊያው ይገባኛል። ሆኖም የመጀመሪያዎቹን ምሽቶች ለመሣሪያ ዝግጅት እንዲሰጥ አጥብቄ እመክራለሁ። የለመድነው ፕሮግራም ሲሳሳት ከሥሩ ሊነክስ ወይም ዊንዶውስ ስላለ ስህተቱን በጽሑፍ ይነግረናል። ባዶ ማሽን ላይ ግን የሚናገር የለም፤ ስክሪኑ ጸጥ ይላል፣ አለዚያም ማሽኑ እንደገና ይነሣል።

መጀመሪያ ኪው-ኢሙን ይጫኑ። ፋብሪስ ቤላርድ የጀመረውና እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ነጻ ኢሙሌተር ነው፤ ሌላ ኮምፒውተርን በሶፍትዌር ያስመስላል። ከርነልዎ፣ ማለትም የሚሠሩት ሲስተም ዋና ክፍል፣ ቢወድቅ ላፕቶፕዎ አይነካም። አንዴ ከተጫነ ደግሞ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ዳታ እየገዛ ለሚማር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የትኛውን ፕሮሰሰር? ብዙው ትምህርት የሚጀምረው በኢንቴል ዓይነቱ ነው፤ 512 ባይት ቡት ሴክተር፣ ከ16 ቢት ወደ 32፣ ከዚያ ወደ 64 መሸጋገር። እኔ ሪስክ-ፋይቭን እመርጣለሁ። በኪው-ኢሙ «ቨርት» ማሽን ላይ አንድ ፊደል ለማሳየት የሚበቃው አንድ ባይት በሄክስ 10000000 አድራሻ ላይ መጻፍ ነው።

ኮምፓይለሩ የተለየ መሆን አለበት። ላፕቶፕዎ ላይ ያለው ጂሲሲ ኮዱ ሊነክስ ላይ እንደሚሮጥ ያስባል። ኡቡንቱ ለባዶ ሪስክ-ፋይቭ የተዘጋጀ ጂሲሲ በፓኬጅ ስላለው ከሶርስ በመገንባት ሰዓታት አያባክኑ። ኪው-ኢሙን ያለ ባዮስ ሲያስነሡት ፕሮሰሰሩ የሚዘለው ወደ ሄክስ 80000000 ነው፤ ሊንከር ስክሪፕቱም ኮዱን እዚያው ያስቀምጥ። ሊንከሩ አድራሻው አይደረስበትም ብሎ ካጉረመረመ የኮድ ሞዴሉን ወደ «ሜድኤኒ» ይለውጡ። ብዙ ጀማሪ የሚቆመው እዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ፕሮግራምን እያስቆመ ወደሚመረምረው ጂዲቢ። ብዙ ዓይነት ፕሮሰሰር የሚያውቀውን «መልቲአርች» የተባለውን ይጫኑ። ኪው-ኢሙን በትንሿ ኤስና በትልቋ ኤስ አማራጮች ሲያስነሡት ፕሮሰሰሩ ገና አንድ ትእዛዝ ሳይፈጽም ይቆምና በፖርት 1234 ጂዲቢን ይጠብቃል። ከዚያ ትእዛዝ በትእዛዝ ይራመዱ፤ ስታክ ፖይንተሩ ወደ ሲ ኮድ ከመግባቱ በፊት መሞላቱን በዓይንዎ ይዩ።

ስህተት ሲፈጠር ፕሮሰሰሩ ምክንያቱን «ኤምኮዝ»፣ ቦታውን «ኤምኢፒሲ» በሚባሉ ሪጅስተሮች ይመዘግባል። ኤምኮዝ 2 ከሆነ የማይታወቅ ትእዛዝ አጋጥሟል፤ 7 ከሆነ በማይጻፍበት አድራሻ ለመጻፍ ተሞክሯል። ግን በስህተት ጊዜ የሚዘለልበትን አድራሻ የሚይዘውን «ኤምቲቬክ»ን ካላዘጋጁ ፕሮሰሰሩ ወደ ዜሮ አድራሻ ይዘላል፣ እዚያ ሁለተኛ ስህተት ይፈጠራል፣ የመጀመሪያው ማስረጃም ይደመሰሳል። ስለዚህ ከርነልዎ ገና ምንም ሳይሠራ ኤምቲቬክን ባለበት ወደሚሽከረከር አጭር ኮድ ያመልክቱት። በዚህች ትንሽ ሥራ ስንት ምሽት እንደሚተርፍ ደጋግሜ አይቻለሁ።

አንድ ፊደል ከታየና ጂዲቢ ከታዘዘልዎ፣ ኤምአይቲ ለማስተማሪያ ያዘጋጀውን ኤክስቪ6 የተባለ ኦፕሬቲንግ ሲስተም አውርደው ያስቀምጡ። እሱም በዚያው «ቨርት» ማሽን ላይ ይሮጣል። «ኢንትሪ» የሚለው ፋይል ስታክ አዘጋጅቶ ወደ ሲ ሲዘል በጂዲቢ እየተከተሉ ያንብቡት፤ የራስዎን ሁለተኛ ፋይል ከዚያ በኋላ ይክፈቱ።