የዓሣው ገንዳ ሲቆሽሽ

በዱባይ፣ በሻርጃና በዓጅማን የጨው ውኃ አኳሪየም ባለበት ቤት የምትሠሩ አላችሁ። መስታወቱ ሲቆሽሽ ወይም ዓሣው ሲሞት በመጀመሪያ የምትጠየቀው ሠራተኛዋ ናት። ስለዚህ ዛሬ ይህን ጉዳይ አብረን እንማራለን።

የሚበቅለው ነገር አልጌ ይባላል፤ በአገራችን የትምህርት መጻሕፍት ዋቅላሚ ይሉታል። ብርሃንና ምግብ ባገኘበት ውኃ ሁሉ ይራባል። በ2008 እና በ2009 (እ.ኤ.አ.) በዚሁ አገር ባሕር ላይ ከመጠን በላይ ተራብቶ ብዙ ዓሣ ገድሏል፤ የባሕር ውኃ የሚያጣሩ ፋብሪካዎችንም አስቁሟል። በሰፊው ባሕር የሆነው ሳሎን ውስጥ ቢሆን የሠራተኛዋ ስንፍና ምልክት አይደለም።

በቀለሙ እንለየው። ቡናማ አቧራ የመሰለው በአዲስ ገንዳ ላይ የሚወጣ ነው። በቀላሉ ይጠረጋል፤ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ራሱ ይጠፋል። እንደ ፀጉር የረዘመ አረንጓዴ ግን ምግብ እንደበዛ ወይም ፀሐይ እንደገባ ይናገራል። በእጅ እየነቀሉ ማውጣት፣ መጋረጃ መዝጋት፣ መብራቱንም በቀን ወደ 8 ሰዓት ዝቅ ማድረግ ይረዳል። አሸዋው ላይ እንደ ጨርቅ የሚነጠፍ ቀይ ዝልግልግ ደግሞ እውነተኛ አልጌ ሳይሆን ባክቴሪያ ነው፤ ውኃው በደንብ በማይንቀሳቀስበት ጥግ ይወዳል። በቀጭን ጎማ ከውኃው ጋር ስቦ ማውጣት ይሻላል።

ዋናው መድኃኒት ምግብ መቀነስ ነው። ዓሦቹ በሁለት ደቂቃ የሚጨርሱት ይበቃል። ልጆቹ በጨዋታ እፍኝ ሙሉ የሚጨምሩ ከሆነ (ይጨምራሉም!) ቆርቆሮውን ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት።

በረኪና፣ ሳሙና፣ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ገንዳው ውስጥ ፈጽሞ አይግባ። የማጣሪያው ስፖንጅም በቧንቧ ውኃ አይታጠብ፤ ክሎሪኑ ውኃውን የሚያጠሩትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይገድላል። ከገንዳው በተቀዳ ውኃ እጠቡት። ውኃው በትነት ሲጎድል የሚጨመረው ጨው የሌለበት የተጣራ ውኃ ነው፤ ጨው አይተንምና። እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት ኤሌክትሪኩን ንቀሉ፤ ስትጨርሱ መልሳችሁ መሰካት እንዳትረሱ።

በበጋ ቤተሰቡ ለዕረፍት ሲሄድ ኤሲ ከጠፋ ውኃው ይሞቃል፤ ዓሣውም ሊያልቅ ይችላል። ከመሄዳቸው በፊት ማዳምን «የዓሣው ክፍል ኤሲ ይብራ ወይስ ይጥፋ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በስልክ መልእክት እንዲጽፉላችሁ አድርጉ።