ስለ ልጆች ጠባይ በየአገሩ የሚባለው ነገር

አንባቢ ሆይ፤ ይህን ትምህርት ከመጀመርህ በፊት የዮሐንስን ወንጌል ምዕራፍ 1 ከቁጥር 43 እስከ 51 ድረስ አንብብ። በዚያ ናትናኤል የሚባል ሰው ታገኛለህ። ስለ ጌታችን በተነገረው ጊዜ ጌታ ያደገባትን የመንደር ስም ብቻ ሰምቶ ተጠራጠረ። ናትናኤል ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጌታ ራሱ ተንኰል እንደሌለበት መስክሮለታል። ነገር ግን ስለ ናዝሬት የሚወራውን ወሬ ሳይመረምር ተቀብሎት ነበር። ሲሄድና ሲያይ ግን ያ ወሬ ተወው።

እኛም ስለ ልጆች እንዲህ ያለውን ወሬ በአፋችን ይዘን እንኖራለን። የፈረንጅ ልጅ አባቱን በስሙ ይጠራል፥ ሽማግሌ ሲገባ ከወንበሩ አይነሣም፥ ቢቈጡት ይመልሳል እንላለን። የጃፓን ልጅ እንደ ወታደር ታዛዥ ነው እንላለን። የአዲስ አበባ ሰው የድሬዳዋ ልጅ ደፋር ነው፥ ታላቁን «አንተ» ይላል፥ በየቃሉ «አቦ» ይጨምራል ብሎ ይስቃል፤ የድሬዳዋም ሰው የሸዋ ልጅ አንገቱን ደፍቶ በልቡ ሌላ ያስባል ብሎ ይመልስለታል። ወደ አገራችን የሚመጡ መንገደኞች ደግሞ የኢትዮጵያ ልጅ በመንገድ ዳር ቆሞ «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» እያለ ይጮኻል፥ ብዕርና ገንዘብ ይለምናል ብለው ይጽፋሉ። ያ ልጅ ማታ በቤቱ ለእንግዳ እጅ ሲያስታጥብ አላዩትም። ከመኪና መስኮት ብዕርና ከረሜላ እየሰጡ ያለፉት ሌሎች መንገደኞች ልመናውን እንዳስለመዱትም አያስቡም።

እኔ ይህን ነገር የተማርሁት በዋሂል ነው። ዋሂል ከድሬዳዋ ከተማ ወጣ ብሎ በገጠሩ ያለ ቀበሌ ነው፤ ማሽላ ይዘራበታል፥ ፍየልና ከብት ይረባበታል፥ በዚያም አካባቢ ኦሮምኛና ሶማልኛ ይነገራል። ለጥቂት ወራት በሳምንት አንድ ቀን እየወጣሁ ልጆችን ፊደል አስተምር ነበር። ከእነርሱ አንዱ ዘጠኝ ዓመት የሚሆነው፥ በቤቱ ሶማልኛ የሚናገር ልጅ ነበረ። አንድ ሳምንት የቀረሁ እንደ ሆነ በሚቀጥለው ፊት ለፊቴ ቆሞ ዓይኔን ትክ ብሎ እያየ «አንተ፥ ባለፈው ለምን ቀረህ?» ይለኛል።

እኔ ያደግሁት አባቴን «አንቱ» እያልሁ፥ ሲጠሩኝ «አቤት» ብዬ ሮጬ እየቀረብሁ፥ የእንግዳ እግር አጥቤ ከማዕዱ የተረፈውን እየበላሁ ነው። ስለዚህ ልጁ የናቀኝ መሰለኝ። ሁለት ጊዜ ገሠጽሁት፤ አልተወም። በሦስተኛው ጊዜ በልጆቹ ሁሉ ፊት «አንተ አሳዳጊ የበደለህ!» ብዬ አስወጣሁት። በዚህ ቃል የሰደብሁት ልጁን ብቻ ሳይሆን እናቱንና አባቱንም መሆኑን ያን ጊዜ ልብ አላልሁም። ልጁ ደብተሩን ይዞ ሄደ፤ ከዚያም በኋላ ሳይመጣ ቀረ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በቤታቸው አጠገብ ሳልፍ አያቱ ጠርተው አስቀመጡኝና ወተት ሰጡኝ። እኒህ ሽማግሌ አማርኛውን በከተማ ሲሠሩ የለመዱት ናቸው። «ልጁ ምን አጠፋ?» ብለው ጠየቁኝ። «አንተ አለኝ» አልኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው «ታዲያ ምን ይበልህ?» አሉኝ። ከዚያም በእርጋታ አስረዱኝ። በሶማልኛ ለአንድ ሰው የሚነገረው ቃል ለታናሽም ለታላቅም ያው አንድ ነው፤ እንደ አማርኛ «አንቱ» የሚባል የለም። ልጅ ታላቁን የሚያከብረው የዘመድ ስም እየሰጠ ነው፤ ወንዱን «አዴር» ይለዋል፥ ይኸውም የአባቴ ወንድም ማለት ነው። «አዴር አላለህምን?» አሉኝ።

ብሎኝ ነበር። በመጣሁ ቁጥር አስቀድሞ «አዴር» ይለኝ ነበር፤ እኔ ግን የሰላምታ ቃል መስሎኝ አልፈው ነበር። እንግዲህ ያ ልጅ የአባቱ ወንድም አድርጎኝ፥ አጎቱ በመቅረቱ አዝኖ ይጠይቀኝ ነበር ማለት ነው።

ሽማግሌው ወደ ጓሮው ዞረው «አዴር!» ብለው ተጣሩ። እኔን የጠሩ መስሎኝ «አቤት» አልሁ። ሳቁና ልጁን እንደ ጠሩ ነገሩኝ፤ በእነርሱ ዘንድ ታላቅ ታናሹን በዚያው በራሱ መጠሪያ መልሶ ይጠራዋል። (የእኛ እናቶች ሴት ልጃቸውን «እማዬ» እንደሚሏት አስብ፤ ነገሩ ለአማርኛ ተናጋሪም ከቶ እንግዳ አይደለም።) ልጁ መጥቶ ፊቴ ቆመ። በዚያን ቀን ዓይኔን አላየም፤ አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። ቀድሞ ትሕትና ብዬ የፈለግሁት ይህንኑ ነበር። አሁን ግን እፍረት እንጂ አክብሮት እንዳልሆነ ዐወቅሁ።

ይህ ነገር በእኔም በልጅነቴ ደርሶብኝ ነበርና መርሳቴ በደሌን ያከብደዋል። በተማርሁበት ትምህርት ቤት አንዲት ፈረንጅ አስተማሪ በምትጠይቀኝ ጊዜ እኔ በቤቴ እንደ ተማርሁት ዓይኔን ዝቅ አደርግ ነበር። እርስዋ ግን ዓይኑን የሚሸሽግ ልጅ ውሸታም ነው ከሚባልበት አገር የመጣች ስለ ሆነች ያልሠራሁትን ጥፋት እንደ ሠራሁ ቈጠረችብኝ። እኔ ዓይኔን ዝቅ በማድረጌ ተቀጣሁ፤ የዋሂሉን ልጅ ዓይኑን ቀና በማድረጉ ቀጣሁት።

አንባቢ ሆይ፥ እኔ በዚህ ጽሑፍ ሁሉ «አንተ» እያልሁ እጽፍልሃለሁ፤ እንዳልተቈጣህ አምናለሁ። በጸሎታችንም እግዚአብሔርን ራሱን «አንተ» እንለዋለን። ፈጣሪ የታገሠውን ቃል እኔ ከሕፃን አፍ ልታገሠው አልቻልሁም።

ልማድ ደግሞ በደም የሚወረስ አይደለም፤ በሰው ዕድሜ ውስጥ ሲለወጥ ይታያል። በስዊድን አገር ቀድሞ ሰውን በማዕረጉ መጥራት ትልቅ ነገር ነበር። በፈረንጅ ቁጥር በ1967 ብሮር ሬክሴድ የሚባል የመንግሥት የሕክምና መሥሪያ ቤት አለቃ ሠራተኞቹን ሁሉ «ዱ» ማለት «አንተ» እንደሚላቸው አስታወቀ፤ በዚያም ዘመን ልማዱ በአገሩ ሁሉ ተስፋፋ። በ1979 ደግሞ ስዊድን ወላጅ ልጁን እንዳይመታ በሕግ በመከልከል ከዓለም የመጀመሪያዪቱ ሆነች። እንግዲህ ዛሬ ሽማግሌን «ዱ» የሚለው የስዊድን ልጅ የሚናገረው ሽማግሌው ራሱ የተስማማበትን ቃል ነው። በእኛም አገር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አሳዳሪው ልጁን ቀላል የሰውነት ቅጣት እንዲቀጣ ይፈቅድ ነበር፤ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ግን በ36ኛው አንቀጽ ልጆች በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋም ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። «ፈረንጅ ልጁን አይመታም፥ እኛ ግን መትተን እናሳድጋለን» እያለ የሚመካ ሰው የእነርሱንም የትናንት ታሪክ፥ የእኛንም የዛሬ ሕግ አላነበበም።

ስለ ጃፓን ልጆችም የሚባለው እንዲሁ ነው። በዚያ ልጆች የሚማሩበትን ክፍል ራሳቸው ይጠርጋሉ፥ ይወለውላሉ፤ ይህም ከትምህርቱ አንዱ ክፍል ሆኖ ስለሚሰጣቸው እንጂ ከእናታቸው ማኅፀን መጥረጊያ ይዘው ስለ ወጡ አይደለም።

የድሬዳዋም ልጅ «አንተ» ማለት ምክንያት አለው። የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ከዚያ በደረሰ ጊዜ ከተማዪቱ ተቈረቈረች፤ ሶማሌው፥ ኦሮሞው፥ ሐረሪው፥ አማራው፥ ጉራጌው፥ ከየመን የመጣው ዐረብ፥ ግሪኩ፥ አርመኑ፥ ህንዱ በከዚራና በመጋላ ተጐራብተው ኖሩባት። ዐረቡም ሶማሌውም በየቀኑ ንግግሩ «አንቱ» አይልም። በእንዲህ ያለ ገበያ ያደገ ልጅ ከማዕረግ ቃል ይልቅ የወዳጅነትን ቃል ቢለምድ ምን ያስደንቃል? እንደሚመስለኝ ጐረቤቶቹ ይህን ባያስተምሩት ኖሮ እርስ በርሳቸውም ባልተግባቡ ነበር።

በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችንም በዚሁ ይፈተናሉ። በአሜሪካ የተወለደ ልጅ በስልክ አያቱን «አንተ ደህና ነህ?» ይላል፤ አያትየውም ልጄ ልጁን ሳያሳድግ ቀረ ብለው ያዝናሉ። ልጁ ግን በማያውቀው ቋንቋ ደህንነታቸውን ሊጠይቅ ደክሟል።

እዚህ ላይ፥ «እንግዲያስ ነውር የሚባል የለምን? ሁሉ ልማድ ነውን?» የሚል ይኖራል። አይደለም። ውሸት፥ ስርቆት፥ በዕውር ላይ መሳቅ፥ ደካማውን መምታት በዋሂልም በስቶክሆልምም ነውር ነው፤ ሶማሌው አደብ ሲል፥ ኦሮሞው ሰፉ ሲል፥ እኛም ጨዋነት ስንል ከዚህ ልጆቻችንን ልንጠብቅ ነው። ከወንበር መነሣትና አለመነሣት ግን የልብስ ያህል ነው። ሁለቱን የሚያቀላቅል ሰው መልኩን አይቶ ልቡን ይፈርዳል። የዔሊ ልጆች በካህን ቤት ያደጉ ነበሩ፤ የቤተ መቅደሱን ሥርዓት ሁሉ ያውቁ ነበር፤ ነገር ግን ምን እንደ ሠሩ በመጀመሪያ ሳሙኤል ምዕራፍ 2 ተጽፏል። ጌታችንም በዐሥራ ሁለት ዓመቱ በመምህራን መካከል ተቀምጦ ይጠይቃቸው ነበር (ሉቃስ ምዕራፍ 2)። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚል ሰው በዚያ ቢኖር ኖሮ ዝም በል ባለው ነበር። ያው ልጅ ከዚያ ወርዶ ለወላጆቹ ይታዘዝ እንደ ነበረ እዚያው ተጽፏል፤ መጠየቁ መታዘዙን አልከለከለውም።

በዚያን ቀን በአያቱ ፊት ልጁን ይቅርታ ለመንሁት። ታላቅ ሰው ሕፃንን ይቅርታ ሲለምን በአገሬ አላየሁም ነበርና አፌ ተሳሰረ። ደግሞም ስሙን ልጠራ ብፈልግ እንደማላውቀው ተገነዘብሁ፤ አያቱን ጠይቄ ዐወቅሁ። ልጁ ምንም አልመለሰልኝም። ሁለት ሳምንት አልፎ መጣ፤ ከሁሉ በስተኋላ ተቀመጠ፥ ፊደሉን በጸጥታ ቈጠረ፥ ሳያናግረኝ ሄደ። እንዲህ ሆኖ ብዙ ቀን ቈየ። ከዚያ በክረምት ጎርፍ መንገዱን ዘግቶብኝ አንድ ሳምንት ቀረሁ። በተመለስሁ ጊዜ በበሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት፤ ቀና ብሎ አየኝና «አዴር፥ አንተ ባለፈው ለምን ቀረህ?» አለኝ። ስለ ጎርፉ ነገርሁት።