መሰላሉን የያዘው ምንድን ነው?

ጁባ ውስጥ ጣሪያ ላይ የማይወጣ የእጅ ሙያተኛ ጥቂት ነው። የመስመር መብራት ለብዙው ቤት ስለማይደርስ ሶላር ይተከላል፤ ከነጭ ዓባይ ተቀድቶ በቦቴ የሚመጣው ውኃም ከፍ ብሎ በተሰቀለ ሮቶ ውስጥ ይጠራቀማል። እ.ኤ.አ. በ2005 ከተፈረመው የሰላም ስምምነት ወዲህ ወደዚህች ከተማ የመጡ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው፤ አንተም ከእነሱ አንዱ ሆነህ ይህን ሥራ ልትጀምር ከሆነ፣ ከሶላሩና ከቧንቧው በፊት የመሰላልህን መቆለፊያ እንድታውቅ እፈልጋለሁ።

ተዘርጊ መሰላል ሁለት አካል አለው። የታችኛው መሬት ላይ ይቆማል፤ የላይኛው በእሱ ላይ እየተንሸራተተ ይወጣል። መሰላሉን ስታስደግፍ፣ ለአራት ሜትር ቁመት እግሩን ከግድግዳው አንድ ሜትር አርቀህ ታቆመዋለህ፤ ይህም 75 ዲግሪ ገደማ ነው። በዚህ አቋም 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው ወደ ላይኛው አካል ሲወጣ ክብደቱ ከሞላ ጎደል በሙሉ በቋሚዎቹ በኩል ቁልቁል ይወርዳል። ግድግዳው መሰላሉ እንዳይወድቅ ይደግፋል እንጂ ክብደቱን አይሸከምም። ሸክሙን ሁሉ ከላይኛው አካል ወደ ታችኛው የሚያሻግረው መቆለፊያው ነው።

የቆየው መቆለፊያ መንጠቆ ነው። ገመዱን ስትስብ የላይኛው አካል ይወጣል፤ መንጠቆው ከአንዱ እርከን ካለፈ በኋላ ገመዱን ስታላላ ተመልሶ እርከኑ ላይ ይቀመጣል። መንጠቆው ላይ ምላስ የሚመስል ተወዛዋዥ ብረት አለ፤ መሰላሉን ለማውረድ ስትፈልግ መጀመሪያ ትንሽ ከፍ ታደርገዋለህ፣ ምላሱም ተገልብጦ የመንጠቆውን አፍ ይዘጋና እርከኑን ያሳልፈዋል። የዚህ አሠራር ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው፦ ለመክፈት ወደ ላይ ማንሳት ግድ ነው፤ ሰው የቆመበት መሰላል ደግሞ ቁልቁል ይጫናል። ስለዚህ ሸክሙ በጨመረ ቁጥር መንጠቆው ይበልጥ ይነክሳል።

ቱቦ በቱቦ ውስጥ የሚገባው ተሰብሳቢ መሰላል ግን ሌላ ነው። በየእርከኑ ግራና ቀኝ በሞላ፣ ማለትም በስፕሪንግ፣ የሚገፋ ስፒና አለ፤ ስፒናው የውስጠኛው ቱቦ ቀዳዳ ውስጥ ሲገባ ይቆለፋል። አደጋው በግማሽ የገባው ስፒና ነው። የቀዳዳው ጠርዝ ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ባዶውን መሰላል ይይዛል፤ አንተ ስትወጣ ይንሸራተታል። አንደኛው ጎን ሳይገባ ከቀረም ሌላው ሁሉንም ሸክም ብቻውን ተሸክሞ ይጣመማል።

የተሻለ መቆለፊያ ልትሠራ ብታስብ ከመንጠቆው ተማር። የቀዳዳውን ከንፈር ወይም የስፒናውን ጎን ትንሽ አጎድጉደው፤ ክብደት ሲያርፍበት ስፒናው ጉድጓዱ ውስጥ ይቀመጥና ክብደቱ እስኪነሳ ድረስ ወደ ኋላ መውጣት አይችልም። ሰው በስህተት የመክፈቻውን ቁልፍ ቢነካ እንኳ አይከፈትም። ቀጥሎ መቆለፉን የሚያሳየው ጠቋሚ አለ። አረንጓዴና ቀይ ምልክት የሚገጠመው ብዙ ጊዜ ጣት በሚነካው ቁልፍ ላይ ነው፤ ቁልፉ ተመልሶ ስፒናው ግን መሐል ላይ ተይዞ ሊቀር ይችላል። ምልክቱ ከስፒናው ጫፍ ጋር መያያዝ አለበት፤ አረንጓዴ የሚሆነውም ሁለቱም ጎኖች ሲገቡ ብቻ ይሁን። በእኔ ግምት ከማሻሻያዎቹ ሁሉ ብዙ ሰው የሚያድነው ይህ ነው፤ የደከመ ሠራተኛ የሚያምነው ዓይኑ ያየውን ነውና።

በደረቁ ወራት የጁባ አቧራ የማይገባበት ቀዳዳ የለም። ግሪስ አቧራውን ይይዝና ስፒናውን እንዳይንቀሳቀስ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ደረቅ ማለስለሻ ይሻላል። ከስፒናው ቤት ሥር ትንሽ መውጫ ቀዳዳ ብትተው አሸዋውም የዝናቡም ውኃ ይወጣል።

የአውሮፓ የመሰላል ደረጃ፣ ኢኤን 131፣ አንድ መሰላል 150 ኪሎ እንዲሸከም ይጠይቃል። ይህ የሦስት ከረጢት ሲሚንቶ ክብደት ነው። አዲስ የሠራኸው ወይም የጠገንከው መቆለፊያ ያለበትን መሰላል ዘርግተህ አቁም፤ ከረጢቶቹን ከላይኛው አካል ዝቅተኛ እርከን ላይ ከመሬት ጥቂት ከፍ አድርገህ ስቀል፤ ከሥሩም ማንም አይቁም። ካወረድክ በኋላ ስፒናውን አውጥተህ ተመልከት። ጎብጦ ወይም ጠርዙ ተልጦ ካገኘኸው ያ መሰላል ሰው አይወጣበትም።