የምናባዊ ዓለም መድረክን ለትምህርት መምረጥ፦ ከመግቢያው በፊት መውጫውን ስለማየት

ምናባዊ ዓለም ሲባል ብዙ ተጠቃሚዎች በአንድ ጊዜ በኢንተርኔት ገብተው፣ በአቫታር ተወክለው የሚንቀሳቀሱበት፣ የሚነጋገሩበትና ነገሮችን የሚሠሩበት፣ ተጠቃሚው ሲወጣም ሳይጠፋ የሚቆይ ባለ ሦስት ገጽታ ሥፍራ ነው። መምህራንን አብልጦ የሳበው ይህ የመጨረሻው ባሕርይ ነው፤ ተማሪ ዛሬ የሠራውን ነገ ተመልሶ ያገኘዋል። ይሁንና ዓለሙ የሚቆየው ሰርቨሩን የሚያስተዳድረው አካል እስካቆየው ድረስ ብቻ ነው። ስለ መድረክ ምርጫ የሚጻፉ ጥናቶች በአብዛኛው የምስል ጥራትን፣ የአጠቃቀም ቅለትንና ዋጋን ያነጻጽራሉ። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ግን ከእነዚህ ሁሉ መቅደም ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ የሚል ነው፦ መምህሩ ያዘጋጀው ትምህርት ከመድረኩ ሊወጣ ይችላልን?

ለጥያቄው ጥሩ ማስረጃ የሚሰጠው የሰከንድ ላይፍ ታሪክ ነው። መድረኩን እ.ኤ.አ. በ2003 ለሕዝብ የከፈተው ሊንደን ላብ የተባለው የሳን ፍራንሲስኮ ኩባንያ ሲሆን፣ በውስጡ የሚታየው ነገር ከሞላ ጎደል በተጠቃሚዎች የተሠራ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ርዝመቱም ስፋቱም 256 ሜትር የሆነ ምናባዊ መሬት እየተከራዩ ቤተ ሙከራ፣ ቤተ መዘክርና የመማሪያ አዳራሽ ገነቡ። የአንድ ሙሉ መሬት ወርኃዊ ክፍያ 295 የአሜሪካ ዶላር ሲሆን የትምህርት ተቋማት ግማሹን ይከፍሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2010 ኩባንያው ከቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ ቅናሹ እንደሚቀር አስታወቀ። ለአንድ መሬት በዓመት 1,770 ዶላር በጀት የያዘ የትምህርት ክፍል፣ ውሉን ሲያድስ 3,540 ዶላር ሊከፍል ነው ማለት ነው። ከ13 እስከ 17 ዓመት ለሆናቸው ታዳጊዎች ተለይቶ የነበረው ዓለምም በዚያው ሰሞን ተዘጋ። ቅናሹ በ2013 ተመልሷል፤ በመካከሉ ግን የለቀቁት ለቅቀዋል።

የኪራይ መጨመር በራሱ እንግዳ ነገር አይደለም። ከባዱ ነገር ተከራዩ ዕቃውን ይዞ ለመውጣት መቸገሩ ነበር።

የሠሪና የባለቤት ልዩነት

በሰከንድ ላይፍ ውስጥ እያንዳንዱ ነገር ሁለት ስሞችን ይይዛል፤ የሠሪውንና የባለቤቱን። ባለቤትነት ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ ሠሪነት ግን አይለወጥም። ሠሪው ነገሩን ሌላው እንዲያሻሽለው፣ እንዲቀዳው ወይም እንዲያስተላልፈው መፍቀድም መከልከልም ይችላል። ነገሩን ከመድረኩ ውጭ ወዳለ ፋይል ማውጣት በመርሕ ደረጃ የተፈቀደው ለሠሪው ነው።

ይህ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ የጤና ትምህርት ክፍል ምናባዊ ክሊኒክ አስገነባ እንበል። ግድግዳውን መምህሩ ሠራ፤ አልጋዎቹን አንዲት የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሠራች፤ መሣሪያዎቹ ከመድረኩ ገበያ ተገዙ፤ የታማሚውን ምላሽ የሚያንቀሳቅሰውን ስክሪፕት ሌላ ተማሪ ጻፈ። ኪራዩን የከፈለውም ሁሉንም በባለቤትነት የያዘውም ተቋሙ ነው። የመውጫው ጊዜ ሲደርስ ግን መምህሩ በራሱ አካውንት ሊያወጣ የሚችለው ግድግዳውን ብቻ ይሆናል። ተማሪዎቹ ተመርቀው ሄደዋል፤ የይለፍ ቃላቸውም አብሯቸው ሄዷል። የዩኒቨርሲቲው የአእምሯዊ ንብረት ደንብ ሥራው የተቋሙ ነው ቢልም፣ ሶፍትዌሩ የሚያውቀው አካውንትን እንጂ ደንብን አይደለም። ለዚህ የሚሆነው መፍትሔ ቀላል ቢሆንም ከመጀመሪያው ቀን መታሰብ አለበት፦ ለግንባታ የሚውል ሁሉ በአንድ የተቋም አካውንት ይሠራ፤ የተገዛው ከተሠራው ተለይቶ ይመዝገብ፤ ስክሪፕቶች ከመድረኩ ውጭ በጽሑፍ ፋይል ይቀመጡ።

ራስን የማስተዳደር ዋጋ

ሊንደን ላብ የተጠቃሚውን ፕሮግራም ኮድ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2007 ክፍት ካደረገ በኋላ፣ ሌሎች ፕሮግራመሮች የሰርቨሩን ሥራ የሚሠራ ኦፕንሲሙሌተር የተባለ ክፍት ሶፍትዌር አዳበሩ። የዚህ መድረክ ዋነኛ ጥቅም ኦ.ኤ.አር. በሚባል ፋይል ውስጥ ነው። መሬቱ፣ ግንባታው፣ ምስሉና ስክሪፕቱ በአንድ ፋይል ተጠቃልለው ወደ ሌላ ኮምፒውተር ይዛወራሉ፤ ዓለሙን ከፍላሽ ዲስክ ላይ እንኳ ማስነሣት ይቻላል።

ሶፍትዌሩ ነፃ ነው፤ ሥራው ግን ነፃ አይደለም። ዳታቤዙን የሚጠብቅ፣ እትሙን የሚያድስ ሰው ያስፈልጋል፤ የድምፅ ንግግር ለብቻው መገጠም አለበት፤ ከሰከንድ ላይፍ የመጣ ስክሪፕትም ሁልጊዜ እንደነበረው አይሠራም። ወጪው ከኪራይ ወደ ባለሙያ ደመወዝ ይዛወራል፤ ባለሙያው አንድ ብቻ ከሆነም ተቋሙ አንዱን ጥገኝነት በሌላ ጥገኝነት ለውጧል። አስተዳዳሪው ሁሉንም መቅዳት መቻሉም የሌላን ሰው ሥራ ለመቅዳት ሕጋዊ ፈቃድ አይሆነውም። ከዚህ በላይ ደግሞ የግል ሰርቨር ጭር ያለ ነው። ተማሪዎች ከማያውቋቸው የቋንቋው ተናጋሪዎች ጋር እንዲነጋገሩ ለሚፈልግ የቋንቋ መምህር፣ ሰው የሚበዛበት ሰከንድ ላይፍ ከነገደቡ የተሻለ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ወዲህ የሆነውም ክርክሩን ያጠናክራል። የማይክሮሶፍት ንብረት የነበረው አልትስፔስቪአር እ.ኤ.አ. በማርች 2023 ሲዘጋ፣ የሰርቨሩ ኮድ በኩባንያው እጅ ስለነበር ሌላ ተቋም አገልግሎቱን ሊያስቀጥለው አልቻለም። ሞዚላ በ2018 የጀመረው ሃብስም በሜይ 2024 ተዘግቷል፤ ነገር ግን ኮዱ ክፍት ስለነበር የራሳቸውን ሰርቨር የተከሉ ተቋማት በሥራቸው መቀጠል ችለዋል። ሁለቱም የተቋረጡት በትልልቅ ድርጅቶች እጅ እያሉ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል፤ የባለቤቱ ትልቅነት የዕድሜ ዋስትና አይደለም።

ከመድረክ ወደ መድረክ በቀላሉ የሚሻገረው የትምህርቱ ንድፍ ነው። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ክሪስ ዴዴና ባልደረቦቹ ያዘጋጁት ሪቨር ሲቲ በአክቲቭ ወርልድስ ላይ የተሠራ ሲሆን፣ ተማሪዎች የ19ኛው ክፍለ ዘመን ከተማ ነዋሪዎች ለምን እንደሚታመሙ ይመረምሩበት ነበር። ውኃ ይመረምራሉ፣ ነዋሪዎችን ይጠይቃሉ፣ መላምት አቅርበው ይፈትሻሉ። የችግሩ አደራደር፣ የመረጃው ቅደም ተከተልና የተማሪው ጥያቄ በወረቀት ላይ ሊሰፍሩ የሚችሉ ናቸው። በአንጻሩ የግቢውን አዳራሽ ከነወንበሩ አስመስሎ የገነባ ተቋም፣ መሬቱን ሲለቅ ይዞት የሚሄደው የትምህርት ንድፍ አይኖረውም።

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ምርጫው ተጨማሪ ሚዛኖች አሉት። በየወሩ በዶላር የሚከፈል ኪራይ የውጭ ምንዛሪ ጥያቄ ያስነሣል። የሰከንድ ላይፍ ይዘት ተማሪው ወደ ሥፍራው ሲቀርብ ከሩቅ ሰርቨር የሚወርድ በመሆኑ፣ አንድ የኢንተርኔት መስመር የሚጋራ ሙሉ ክፍል ይቸገራል፤ ኦፕንሲሙሌተር ግን ኢንተርኔት ቢቋረጥም በግቢው የውስጥ ኔትወርክ ላይ ይሠራል። ትንሽ የሚመስል የፊደል ጉዳይም አለ። በሰከንድ ላይፍ ከአንድ ነገር በላይ የሚንሳፈፍ ጽሑፍ 254 ባይት ብቻ ይይዛል፤ በዩቲኤፍ-8 አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲወስድ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ይወስዳል። ስለዚህ በእንግሊዝኛ በቂ ቦታ ያለው መግለጫ በአማርኛ 84 ፊደላት ላይ ይቆረጣል፤ ትምህርቱን በአማርኛ የሚያዘጋጅ መምህር ረዘም ያለውን ማብራሪያ በምስል ሰሌዳ ላይ ማስፈር ይኖርበታል።

እነዚህን ሁሉ በአንድ ፈተና መመዘን ይቻላል። ከመድረኩ ጋር ውል ከመግባት በፊት አንዲት ክፍል፣ ሁለት ወንበርና አንድ ስክሪፕት ይሠራ፤ ከዚያም በፋይል ወጥቶ፣ ከሠሪው በተለየ ሰውና በሌላ ኮምፒውተር ላይ እንደገና ይከፈት። ሳይከፈት የቀረው ምን እንደሆነ የሚያሳየው ዝርዝር ከመድረኩ የዋጋ ሠንጠረዥ ጋር አብሮ ለመራጩ ኮሚቴ ይቅረብ።