ሜርቶላ፦ ወንዝ፣ አፈርና ማዕድን ያኖሯት ከተማ

ፖርቱጋል ስትነሣ ቶሎ ትዝ የሚሉን እ.ኤ.አ. በ1541 በክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ መሪነት በምጽዋ በኩል ወደ ኢትዮጵያ የገቡት ወታደሮች ናቸው። ያች አገር ግን የመርከበኛና የወታደር ብቻ ሳትሆን የገበሬም አገር ናት። በዚህ ትምህርት ሜርቶላ የተባለችውን ትንሽ የገጠር ከተማ እናጠናለን። ጥያቄያችንም፣ አንዲት ከተማ የምትተዳደርበት ነገር ሲያልቅ በምን ትኖራለች? የሚል ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ወንዙ

ሜርቶላ የምትገኘው በደቡብ ምሥራቅ ፖርቱጋል፣ አሌንቴዡ በሚባለው አካባቢ፣ ከስፔን ድንበር አጠገብ ነው። የተቆረቆረችው የኦዬራስ ጅረት ከጉዋዲያና ወንዝ ጋር በሚገናኝበት ዐለታማ ኮረብታ ላይ ነው። ከአትላንቲክ ውቅያኖስ የሚነሡ ጀልባዎች ወንዙን ይዘው እስከዚህ ይደርሱ ነበር፤ ከዚህ በላይ ግን ዐለት ያግዳቸዋል። ስለዚህ ከጥንት ዘመን ጀምሮ ከተማዋ የወንዝ ወደብ ሆነች። በኋላም ሙስሊሞች ገዟት። በ12ኛው መቶ ዘመን የሠሩት መስጊድ፣ ከተማዋ በ1238 በክርስቲያኖች እጅ ከገባች በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። የጸሎት አቅጣጫን የሚያመለክተው ሚህራብ ዛሬም በውስጡ ይታያል።

አፈሩ

ሐምሌና ነሐሴ ለኢትዮጵያ ደጋ የዝናብ ወራት ሲሆኑ ለሜርቶላ የሐሩር ወራት ናቸው። ዝናብ የሚጥለው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ነው። አፈሩም ስስ ነው። በ1929 የአገሪቱ መንግሥት ስንዴ በብዛት እንዲዘራ ዘመቻ ሲጀምር ተዳፋቱ ሳይቀር ታረሰ። ዝናቡ የላላውን አፈር እያጠበ ወሰደው፤ በብዙ ቦታም ዐለቱ አግጦ ቀረ። ተዳፋት የሚያርስ ገበሬ ሁሉ ይህን ችግር ያውቀዋል።

ማዕድኑ

በአቅራቢያው በሳዎ ዶሚንጎስ ከ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ አንድ የእንግሊዝ ኩባንያ መዳብና ድኝ ያለበትን ማዕድን ያወጣ ነበር። ማዕድኑ በባቡር ወደ ወንዙ ወደብ ወርዶ በመርከብ ይጫናል። በ1966 ሥራው ቆመ። ብዙ ቤተሰቦችም እንጀራ ፍለጋ ወደ ሊዝበን አካባቢና ወደ ውጭ አገር ተሰደዱ። በ2021 የሕዝብ ቆጠራ 1,300 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚጠጋው የሜርቶላ ወረዳ የተገኘው ሕዝብ ከ6,000 ጥቂት ቢበልጥ ነው።

ዛሬስ?

ወደቡ፣ ስንዴውና ማዕድኑ ሲያልፉ ከተማዋ የቀራትን መቁጠር ያዘች። ከ1978 ጀምሮ የተካሄደው ቁፋሮ የጥንት ቤቶችንና የሸክላ ዕቃዎችን አወጣ። እነዚህም በየሰፈሩ በተከፈቱ የሙዚየም ክፍሎች ይታያሉ። ነዋሪው በግ ያረባል፣ አይብና ማር ያመርታል፣ እንግዳ ይቀበላል። ይህ የሄዱትን ሁሉ አልመለሰም፤ ከተማዋን ግን ከመጥፋት ታድጓታል። ከዚህ የምንማረው፣ አፈርና ቅርስ ከተጠበቁ ለልጅ ልጅ የሚቆዩ ሀብቶች መሆናቸውን ነው።

ለውይይት
1. ሜርቶላ ወደብ የሆነችው ለምንድን ነው?
2. የስንዴው ዘመቻ አፈሩን የጎዳው እንዴት ነው?
3. ወላጆቻችን ያደጉበት ከተማ ወይም መንደር በምን ይተዳደር ነበር? ዛሬስ? ቤት ጠይቀን እንምጣ።